ከልስን በስተጀርባ

አንድ አርክቴክት በነፃ ላገልግል ብሎ አገር ሲያቋርጥ ራሱን ሊጠይቅ ይገባል፦ ለአውሮፕላን ቲኬት የሚወጣው ገንዘብ በቀጥታ ለተጎጂው ቢደርስ አይሻልም ወይ? ይህ ጥያቄ ወደ ኔፓል ከመሄዴ በፊት እንቅልፍ ነስቶኝ ነበር። መልሱን ያገኘሁት እዚያው፣ ሲንዱፓልቾክ በሚባል የኔፓል አውራጃ ውስጥ፣ ተራራ ላይ ባለ መንደር፣ ከግንበኞች ጋር ስውል ነው።

ሚያዝያ 17 ቀን 2007 ዓ.ም.፣ እኩለ ቀን ሊሆን ደቂቃዎች ሲቀሩት፣ መጠኑ 7.8 የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ ኔፓልን መታ። ወደ 9 ሺህ የሚጠጋ ሰው አለቀ። ዕለቱ ቅዳሜ ነበር፤ ቅዳሜ ደግሞ እዚያ የዕረፍት ቀን ነው። በሺዎች የሚቆጠሩ የመማሪያ ክፍሎች ሲደረመሱ ውስጣቸው ተማሪ አልነበረም። አንድ ቀን ቀድሞ ቢሆንስ ኖሮ? ዛሬም ሳስበው ይዘገንነኛል።

ገጠር ውስጥ ብዙ ሰው የገደለው በድንጋይና በጭቃ የተሠራ ቤት ነው። ግድግዳው ሲያዩት ወፍራምና ጠንካራ ይመስላል። ነገር ግን ውስጥና ውጭ ለየብቻ ይደረደርና መሃሉ በኮረትና በጭቃ ይሞላል። መሬት ሲናወጥ ሁለቱ ገጾች ይላቀቁና አንዱ ወደ ደጅ፣ ሌላው ወደ ቤተሰቡ ይናዳል። መፍትሔው ውድ አይደለም። ከአንዱ ገጽ እስከ ሌላው የሚዘልቅ ረጅም ድንጋይ በየመሃሉ ማስገባት፣ ማዕዘኑን በደንብ ማጠላለፍ፣ ከመስኮት በታችና ከበር በላይ ቤቱን እንደ መቀነት የሚዞር የእንጨት ወይም የኮንክሪት ማሰሪያ ማድረግ፣ ከጣሪያ ሥር ያለውን ሦስት ማዕዘን ከድንጋይ ይልቅ በቆርቆሮ መዝጋት። ኔፓል ይህን ከ1980ው (እ.ኤ.አ. 1988) መንቀጥቀጥ በኋላ በሕንፃ ደንቧ ጽፋዋለች። የተጻፈው ግን ተራራውን ወጥቶ ግንበኛው ዘንድ አልደረሰም።

መንግሥት ቤቱ ለፈረሰበት ቤተሰብ 300 ሺህ የኔፓል ሩፒ በ3 ዙር ይሰጥ ነበር፤ ሥራው ታይቶ ሲጸድቅ ቀጣዩ ይለቀቅ ነበር። ቤቱን የሚያሠራው ባለቤቱ ራሱ ነው። በብዙ ቤት ደግሞ ባለቤቱ ማለት ሚስት ናት፤ ባልየው ኳታር ወይም ማሌዥያ በቀን ሥራ ላይ ነው። እህቶቿን ወደ ቤይሩትና ሪያድ ለሸኘች አገር ልጅ ይህ አዲስ አይደለም። የዚያ ግድግዳ እያንዳንዱ ድንጋይ የሰው ስደት ነው፤ ስለዚህ ተጭበርብሮ ሲሠራ ዝም ብዬ ማየት አልቻልኩም።

አንዲት እናት የጠየቀችኝ ጥያቄ ሥራችንን ለወጠው። «ከተለሰነ በኋላ ረጅሙ ድንጋይ መግባቱን በምን አውቃለሁ?» አለችኝ። ማንም አያውቅም። መርማሪው በጣት የሚቆጠር ጊዜ መጥቶ ይሄዳል፣ እኔም እሄዳለሁ፤ እሷ ግን ልጆቿን እዚያ ታስተኛለች። ከዚያ ወዲህ ፕላን መሣሉን ቀነስኩና ቀኑን ሙሉ ከባለቤቶቹ ጋር ግድግዳው ሥር መዋል ጀመርኩ። በሚዘልቀው ድንጋይ ጫፍ ላይ ቀይ ቀለም እንቀባለን፤ እናቶቹ ከልስን በፊት እየዞሩ ይቆጥራሉ፤ ሲጎድል ግንበኛውን ያስፈርሱታል። አንዳንዶቹ የግንበኛ ማንኪያና ቱምቢ ጨብጠው ራሳቸው ግንበኛ ሆኑ። የቲኬቱን ዋጋ ያወጣው ይህ ነው። ድንጋይ ለመደርደር ብቻ የሚሄድ ባለሙያ ግን፣ እንደኔ እምነት፣ የአካባቢውን ሰው እንጀራ ይሻማል።

እኛ ኢትዮጵያውያንም ከዚህ አደጋ ሩቅ አይደለንም። ካራቆሬ በ1953፣ ሰርዶ በ1961 በመሬት መንቀጥቀጥ ክፉኛ ተጎድተዋል፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ፈንታሌ አካባቢ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ቀዬውን ለቋል። አሁን ከባልደረቦቼ ጋር በአማርኛ፣ በአፋርኛና በአፋን ኦሮሞ ለቤት አሠሪዎች የሚሆን በሥዕል የተደገፈ መመሪያ እያዘጋጀን ነው። ዝግጅቱ ላይ የሚያከራክረን አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ማንበብ የማትችል እናት ግንበኛዋን በየትኛው ሥዕል ትቆጣጠረው?