በዳዊቱ ኅዳግ ላይ

አያቴን ለፋይዳ መታወቂያ ላስመዘግብ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ገጠር ሄድሁ። የቀበሌ መታወቂያዋ «ጥቅምት 1931» ይላል። እሷ ግን፣ «እናቴ፣ ‹ጣልያን ከቡሬ ሲወጣ በሆዴ ነበርሽ፤ ሰኔ ላይ ወለድሁሽ› ትለኝ ነበር» አለችኝ። ጣልያን ቡሬን የለቀቀው በየካቲት 1933 ነው።

የቱ ነው ልክ? አጎቴ፣ «የተጻፈውን ያዢ፤ ወረቀት ከወሬ ይበልጣል» አለ። ልስማማ ምንም አልቀረኝም። በመላ አገሪቱ የልደት ምዝገባ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ስለሆነ፣ የእሷን ልደት የሚያስረዳ መዝገብ አልነበረም። ሆኖም የመታወቂያው ቀን ከየት እንደተገለበጠ ስጠይቅ የቅድመ አያቴን የብራና ዳዊት አወጡልኝ። ኅዳጉ ላይ፣ በዘመነ ሉቃስ በወርኃ ጥቅምት ሴት ልጅ መወለዷ ተጽፏል። ስም የለውም።

ቁጭ ብዬ አሰላሁ። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምረን ለ4 ስናካፍል፣ ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ከሆነ ማርቆስ፣ 3 ከሆነ ሉቃስ፣ ቀሪ ከሌለው ዮሐንስ ነው። 1931 ሉቃስ ነው፤ 1933 ግን ማቴዎስ። ሁለቱም ቃል እውነት ከሆነ፣ የሚናገሩት ስለ አንድ ልጅ አይደለም።

ያን ጊዜ የአያቴ ስም ትዝ አለኝ። ከእነ ምትኬ፣ ከእነ ማስረሻ ወገን ነው፤ ልጅ የሞተባት እናት ቀጥሎ ለመጣው የምታወጣው ስም።

«እማማ፣ ከአንቺ በፊት የሞተ ልጅ ነበር?»

ዝም አለች። ቆይታ፣ «አንዲት ነበረች ይላሉ። እናቴ ግን አንስታት አታውቅም» አለች። ነጠላዋን ወደ ዓይኗ አስጠጋች። «እስከ ዛሬ በእሷ ቀን ነው እንዴ የኖርሁ?»

ስመለስ የጌታን የትውልድ ሐረግ እያሰብሁ ነበር። ማቴዎስ የዮሴፍን አባት ያዕቆብ ይለዋል፤ ሉቃስ ደግሞ ኤሊ። በጥናት ቡድናችን ያን ክፍል ሁልጊዜ በጥድፊያ እናልፈው ነበር። ሁለት ቃል ሲጋጭብን አንዱን ለመጣል እንቸኩላለን። እኔም የአያቴን ቃል ጥዬ ቢሆን ኖሮ እህቷን ባላገኘኋት ነበር።

አያቴ ሰኔ 1933 ብላ ተመዘገበች። በቤተሰባችን የዘር ሐረግ ደብተር ላይ፣ ከስሟ በላይ አንድ መስመር ጨመርሁ፦ ሴት ልጅ፣ ጥቅምት 1931። ስሟን አናውቀውም፤ እግዚአብሔር ያውቀዋል።