ግራጫው ሰፈር

በ2001 ዓ.ም. የመመረቂያ ጥናቱን የሠራ የሕንፃ ኮሌጅ ተማሪ የመብራት ፈረቃውን አይረሳውም። ተከዜና ግልገል ጊቤ 2 ገና ኃይል መስጠት ስላልጀመሩ አዲስ አበባ በተራ ትጨልም ነበር። እኛ ደግሞ ኮምፒውተር ላይ የሰፈር ሞዴል እንሠራለን። ኮልፌ ሲጠፋ ልደታ በርቶ እንደሆነ ተጠይቆ፣ ሲፒዩ ታቅፎ ከጦር ኃይሎች በታክሲ መውረድ ነው።

የልደታው ግቢ እ.ኤ.አ. በ1954 በኢትዮጵያና በስዊድን ትብብር የተመሠረተ ነው፤ ከ2002 ዓ.ም. ወዲህ የሥነ ሕንፃ፣ የሕንፃ ግንባታና የከተማ ልማት ኢንስቲትዩት ይባላል። ለእኛ ግን እስከ ዛሬ ሕንፃ ኮሌጅ ነው። የቀደሙን ተማሪዎች ትሬሲንግ ፔፐር ላይ በራፒዶ ብዕር እየሣሉ፣ የተሳሳተውን መስመር በምላጭ እየፋቁ ተመርቀዋል። የእኛ ዘመን በአርኪካድ ግድግዳ አቁሞ፣ በሌላ ፕሮግራም ብርሃንና ጥላ ሰጥቶ ሬንደር የሚያደርግ ሆነ። አንድ ደቂቃ በሰፈሩ ውስጥ የሚያስኬድ ፊልም 1,500 ሥዕል ይፈልጋል፤ በሰከንድ 25 ማለት ነው። አንዱ ሥዕል 10 ደቂቃ ከወሰደ መብራት ሳይጠፋ ከ10 ቀን በላይ ያስኬዳል። ስለዚህ ፊልሙ ይቀርና አራት ወይም አምስት ሥዕል ተመርጦ ለጁሪ ይቀርባል።

የቡድናችን ጥናት ኮልፌ አጣና ተራ አካባቢ የተጨናነቁ የቀበሌ ቤቶችን የሚመለከት ነበር። ጊዜው ኮንዶሚኒየም ከተማውን መውረስ የጀመረበት ነው፤ ገርጂ ላይ የተሞከረው አሠራር በየክፍለ ከተማው ይደገም ነበር። መጀመሪያ ያለውን መለካት፣ ቀጥሎ የሚመጣውን መንደፍ ነበረብን። መሬቱን ከሳተላይት መረጃ እናወጣለን ብለን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 የጠፈር መንኮራኩር በ11 ቀን የለካው የዓለም ከፍታ በነፃ ይገኛል፤ ይሁንና ያኔ ለአገራችን የተለቀቀው በየ90 ሜትሩ አንድ ቁጥር ብቻ የያዘ ነው። በ90 ሜትር ውስጥ ኮልፌ ስንት ግቢ፣ ስንት ደረጃ፣ ስንት ቦይ እንዳለ የሚያውቅ ያውቃል። ወደ ሜትራችን ተመለስን።

ያንን ልኬት ነው የምናፍቀው። አንዲት እናት በር ላይ ቆመው፣ «እናንተ ልጆች፣ ልታፈርሱብን ነው የምትለኩት?» አሉን።

«አይደለም እማማ፣ ለትምህርታችን ነው።»

«እንግዲያስ ግቡ፣ ቡና ደርሷል።»

ቡናው እስኪወርድ የግቢውን ታሪክ ነገሩን። ይህቺ ክፍል የመጀመሪያው ልጅ ሲያገባ የተቀጠለች፣ ያቺ ለተከራይ የወጣች፣ ማድ ቤቱ ከጎረቤት ጋር በስምምነት የቆመ፣ ጥጉ የዕድር ድንኳን የሚቀመጥበት። ቤቱ በባሕር ዛፍ አጣና ቆሞ በጭቃ የተመረገ ነው። አንዱ ግድግዳ 3.20፣ ትይዩው 2.95 ሜትር ይመጣል። ግንቦት ላይ በርበሬ የሚያሰጡት በሰሜኑ ግድግዳ ሥር ነበር። ነገሩ የገባን በኋላ ፀሐይዋን በሞዴሉ ላይ ስናዞር ነው፦ አዲስ አበባ በሰሜን ኬክሮስ 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች፣ ግንቦትና ሰኔ ቀትር ላይ ፀሐይ ከአናታችን አልፋ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች፣ ጥላውም ወደ ደቡብ ይወድቃል። እማማ ይህን ያለ ኮምፒውተር ያውቁት ነበር።

ሞዴሉ ውስጥ ግን እማማ የነገሩን አንዱም አልገባም። ማሽኑ የተጣመመ ግድግዳ ሲበዛበት ይቆማል፤ ስለዚህ ሁሉም ማዕዘን 90 ዲግሪ ሆነ፣ ጣሪያው ተደፋ፣ ሰፈሩ በሙሉ ግራጫ ሣጥን ሆኖ ከኋላ ቀረ። ቀለሙ፣ መስታወቱ፣ ዛፉና ሰዉ ለአዲሱ ንድፍ ተሰጠ። ሁሉም ቡድን እንዲህ ነበር የሚያደርገው፤ ነጥብ የሚሰጠውም በአዲሱ ንድፍ ነበር። ያለውን «ኤግዚስቲንግ» ብለን ቶሎ የምናልፈው መግቢያ አደረግነው።

የለካነው ግቢ ዛሬ የለም። ሞዴሉ በሲዲ ተቀምጦ ነበር፤ ሲዲው ቢነበብ እንኳ ፋይሉን የሚከፍት የዚያን ጊዜ ፕሮግራም በቀላሉ አይገኝም። የተረፈው የልኬት ደብተሩ ነው። በእርሳስ የተጻፈው 3.20 እና 2.95 አለ፣ የበሩ ስፋት አለ፣ ከጎኑም «ልጅ ሲያገባ» የሚል ማስታወሻ አለ። ለእኔ ከዚያ ሁሉ ሬንደር የሚበልጠው ይህ ነው።

አሁን አንድ ተማሪ በስልኩ ግድግዳውን ከየአቅጣጫው ደራርቦ ቢያነሳ፣ ፕሮግራሙ በፎቶዎቹ ውስጥ የሚመሳሰሉትን ነጥቦች አገናኝቶ ጎባጣውን ከነጎባጣው፣ የተላጠውን ልስን ከነቀለሙ ያቆምለታል። እኛ የተቸገርንበት መጣመም ዛሬ ለማሽኑ ምንም አይደለም። ኮልፌ ውስጥ ውስጡን ገና የቆሙ የጭቃ ግቢዎች አሉ። ዘንድሮ የመመረቂያ ርዕስ የምትፈልጉ ልጆች፣ አዲሱን ንድፍ ለጊዜው ተዉትና ከማድ ቤቱ ጀምሩ። ፈቃድ ጠይቁ፣ ፎቶውን አንሱ፣ የትኛው ክፍል መቼና ለምን እንደተቀጠለ ባለቤቱን ጠይቃችሁ በስሙ ሞዴሉ ላይ ጻፉበት፤ አንድ ቅጂም ለባለቤቱ አትማችሁ ስጡ።