የዋናተኛው መለኪያ

የደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ ጁባ የምትገኘው በነጭ ዓባይ ዳርቻ ነው። አትላባራን በመሳሰሉት ሰፈሮቿ የሚያድግ ልጅ ውሃን በሁለት መልኩ ያውቀዋል፤ አንደኛው በበርሜልና በጀሪካን ሆኖ ወደ ቤት የሚገባው ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ከተማዋን እየታከከ ሰፍቶ የሚወርደው ወንዝ ነው። ወንዙ በሙቀት የተጨነቀውን ልጅ ይጋብዛል፤ ነገር ግን ጉልበተኛ ነው፤ አዞም አያጣውም። «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» የሚለው የአበው አነጋገር በእንዲህ ያለ ስፍራ ምሳሌ ብቻ ሳይሆን የዕለት ተዕለት እውነት ነው። ስለዚህ በወንዝ ዳር ለሚኖር ልጅ ዋና ማስተማር ሕይወትን የመጠበቅ ሥራ ነው።

ይሁንና ልጁ መንሳፈፍና መቅዘፍ ከቻለ በኋላ ሌላ ጥያቄ ይነሣል። ዋናን እንዲማር ያስገደደው የመስጠም ፍርሃት ሊሆን ይችላል። ለውድድር ሲሠለጥን ግን በየማለዳው ወደ ገንዳው የሚመልሰው ምንድን ነው? የአሠልጣኝ ትልቁ ፈተና እጅና እግርን ማሠልጠን ሳይሆን ለዚህ ጥያቄ መልስ ማግኘት ነው።

የዋና ልምምድ ከብዙዎቹ የስፖርት ዓይነቶች ይልቅ ብቸኝነት ይበዛበታል። ኳስ ተጫዋች ከጓደኞቹ ጋር እየተጠራራ ይጫወታል፤ ሯጭም ሜዳውንና ዛፉን እያየ ይሮጣል። ዋናተኛ ግን ፊቱን ውሃ ውስጥ ደፍቶ፣ በገንዳው ወለል ላይ የተሠመረውን ጥቁር መሥመር እየተከተለ፣ የአሠልጣኙን ድምፅ እንኳ በቅጡ ሳይሰማ ይመላለሳል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ይህ አይከብደውም። ትናንት 25 ሜትር መጨረስ ያቃተው ልጅ ዛሬ 50 ሜትር ሲሻገር ደስታው ድካሙን ያስረሳዋል። ቆይቶ ግን መሻሻሉ በሰከንድ ክፍልፋይ መቆጠር ይጀምራል። የወራት ድካም በሰዓቱ ላይ ሲታይ ከዓይን ጥቅሻ አይበልጥም። ብዙ ወጣቶች ዋናን የሚተዉት እዚህ ላይ ነው።

በዚሁ ዕድሜ ሌላም ነገር ይከሰታል። አካላቸው ቀድሞ የጎለመሰ ልጆች ገና ያልጎለመሱትን ጓደኞቻቸውን በቀላሉ ይቀድማሉ። ይህ የዕድገት ጊዜ ልዩነት እንጂ የችሎታ ፍርድ አይደለም። የሚቀደመው ልጅ ግን ይህን አያውቅም፤ ሰነፍ የሆነ ይመስለዋል። የሚቀድመውም ልጅ ያለ ትጋት የሚያሸንፍ ይመስለውና ይዘናጋል። አስተዋይ አሠልጣኝ ለሁለቱም አንድ መድኃኒት አለው። የእያንዳንዱን ውጤት በየስሙ መዝግቦ ይይዛል፤ ልጁን ከጎረቤቱ ጋር ሳይሆን ካለፈው ወር ከራሱ ጋር ያወዳድረዋል። «ዛሬ ስንተኛ ወጣህ?» ብሎ በመጠየቅ ፈንታ «ግድግዳውን ነክተህ ስትዞር ምን አሻሻልህ? ትንፋሽህንስ የት ላይ ወሰድህ?» ይለዋል። እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ እንደሚሄድ ልጁ በዓይኑ ማየት የሚችለው በዚህ መንገድ ነው።

የዚህ መለኪያ ትክክለኛነት በዓለም መድረክም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2000 በሲድኒ ኦሊምፒክ ኤሪክ ሙሳምባኒ የተባለ የኢኳቶሪያል ጊኒ ወጣት በ100 ሜትር ነፃ ቀዘፋ ማጣሪያ ቀረበ። ዋና መለማመድ የጀመረው ከጥቂት ወራት በፊት ነበር፤ የተለማመደበትም የሆቴል ገንዳ የኦሊምፒኩን ገንዳ ግማሽ እንኳ አይሞላም ነበር። አብረውት የተሰለፉት ሁለት ዋናተኞች ከምልክቱ በፊት በመነሣታቸው ከውድድሩ ስለተሰረዙ ብቻውን ዋኘ። በመጨረሻዎቹ ሜትሮች ክንዶቹ ዛሉ፤ የሚሰጥምም መሰለ፤ ሕዝቡ ግን በጭብጨባ አበረታታው። 1 ደቂቃ ከ52.72 ሰከንድ ፈጅቶ ጨረሰ። በዚያው ኦሊምፒክ የ100 ሜትሩ አሸናፊ የፈጀው 48.30 ሰከንድ ብቻ ነበር። በሌሎች መለኪያ ሲታይ የሙሳምባኒ ውጤት መሳቂያ ነበር፤ በራሱ መለኪያ ግን 100 ሜትር ዋኝቶ የማያውቅ ሰው 100 ሜትር ዋኘ። ልምምዱንም አልተወም፤ ከዓመታት በኋላ ያንኑ ርቀት ከ57 ሰከንድ በታች መዋኘት ቻለ፤ በኋላም የአገሩ ዋናተኞች አሠልጣኝ ሆነ።

የኢትዮጵያ ዋናተኞችም ይህን ፈተና ያውቁታል። ኢትዮጵያ በዓለም ፊት የምትታወቀው በሯጮቿ ስለሆነ ዋናን የሚመርጥ ወጣት ከመነሻው ብቸኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በሪዮ ኦሊምፒክ ሮቤል ኪሮስ 100 ሜትር ነፃ ቀዘፋን በ1 ደቂቃ ከ4.95 ሰከንድ ጨርሶ ከ59 ተወዳዳሪዎች የመጨረሻ ሆነ። በማግስቱ በየአገሩ ስለ ሰውነቱ ቅርጽ የተነገረው ፌዝ ከውጤቱ ይልቅ ሰፊ ወሬ ሆነ። እንዲህ ያለውን ፌዝ የሚሰማ ሌላ ልጅ ወደ ውሃ ለመግባት ያመነታል። ውጤትን መተቸት የስፖርት ወግ ነው፤ ገላን መሳለቂያ ማድረግ ግን የነገን ዋናተኛ ከገንዳው ዳር ማባረር ነው። በልምምድ ቦታ ይህን መከላከል የአሠልጣኙ ኃላፊነት ነው።

ልጅን ማበረታታት ሲባል ግን ማሞገስና ማሞላቀቅ ማለት አይደለም። አሜሪካዊው ማይክል ፌልፕስ ገና በ11 ዓመቱ ገደማ ያገኘው አሠልጣኝ ቦብ ቦውማን ችግርን አስቀድሞ ያለማምደው ነበር። ቦውማን ራሱ እንደተናገረው፣ በአንድ ውድድር ላይ ሆን ብሎ የልጁን የዋና መነጽር ረግጦ ሰነጠቀበት፤ ልጁም ውሃ በገባበት መነጽር ለመዋኘት ተገደደ። እ.ኤ.አ. በ2008 በቤጂንግ ኦሊምፒክ የ200 ሜትር ቢራቢሮ ቀዘፋ ፍጻሜ ላይ መነጽሩ በእርግጥ ውሃ ሞላ። ፌልፕስ ምንም ሳያይ ቀዘፋውን እየቆጠረ ዋኝቶ በዓለም ክብረ ወሰን አሸነፈ። እንዲህ ያለው ብርቱ ፈተና ለጀማሪ ልጅ የሚሰጥ አይደለም፤ አሠልጣኙንም አምኖ መከተልን ይጠይቃል። ትምህርቱ ግን ለሁሉም ይሆናል፤ ችግርን በልምምድ ያሸነፈ ልጅ በውድድር ቀን አይደነግጥም።

ደቡብ ሱዳን ራሷ ለዚህ ጉዳይ የምታዋጣው ምስክርነት አላት፤ እርሱም ከዋና ይልቅ ከሩጫ የተገኘ ነው። በሪዮ ኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰለፈው የስደተኞች ቡድን 10 ስፖርተኞች ነበሩት። አምስቱ የደቡብ ሱዳን ሯጮች፣ አንዱ ኢትዮጵያዊው የማራቶን ሯጭ ዮናስ ክንዴ፣ ሁለቱ ደግሞ የሶርያ ዋናተኞች ነበሩ። ከዋናተኞቹ አንዷ ዩስራ ማርዲኒ ከአንድ ዓመት በፊት በኤጂያን ባሕር ላይ የስደተኞች ጀልባ ሞተር ሲቆም ከእኅቷ ጋር ባሕር ውስጥ ገብታ ጀልባውን ለማትረፍ የታገለች ናት። ለሜዳሊያ የተማረችው ዋና የሰው ነፍስ ለማዳን ዋለ።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2019፣ አራት የደቡብ ሱዳን ስፖርተኞች ከአንድ አሠልጣኝ ጋር ለቶኪዮ ኦሊምፒክና ፓራሊምፒክ ለመዘጋጀት ወደ ጃፓኗ ማኤባሺ ከተማ ሄዱ። በወረርሽኙ ምክንያት ኦሊምፒኩ በአንድ ዓመት ተላለፈ። ግብ ሲርቅ ልብ ይደክማል፤ እነርሱ ግን በከተማው ነዋሪዎች እየተረዱ በየዕለቱ ልምምዳቸውን ቀጠሉ። እ.ኤ.አ. በ2021 ከመካከላቸው ሁለቱ በቶኪዮ ኦሊምፒክ ሲሰለፉ ትዕግሥታቸው ራሱ ድል ነበር።

እንግዲህ ወጣትን ስፖርተኛ የሚያጸናው ጩኸትና ሽልማት ብቻ አይደለም። ዛሬ ሊደርስበት የሚችለው ትንሽ ግብ፣ የራሱን ዕድገት የሚያሳየው መዝገብ፣ ሲወድቅ የማይሳለቁበት ጓደኞች፣ ግቡም ሲርቅ ከአጠገቡ የማይርቅ አሠልጣኝ ያስፈልጉታል። እነዚህ አራቱ ገንዳ እንደ ልብ በማይገኝበት አገርም ሊገኙ ይችላሉ። ከአትላባራ ልጆች መካከል ኦሊምፒክ የሚደርሰው ምናልባት አንድ ነው፤ ምናልባትም አንድም አይኖርም። ነገር ግን ትንፋሹን መግዛት፣ ድካሙን መቻልና ራሱን በራሱ መለካት የተማረ ልጅ ሜዳሊያ ባያጠልቅም ትምህርቱ ከንቱ አይቀርም።