እንጉዳዩ ከማን መጣ?

ባለፈው ክረምት ሦስት ሆነን ከእንጦጦ አንድ ፌስታል ሙሉ እንጉዳይ ለቀምን። ዝናቡ ካባራ በኋላ ከባሕር ዛፍና ከፓይን ሥር የፈላ ነው። ሐሳባችን ለሆቴል ሸጠን የኪስ ገንዘብ ማግኘት ነበር። ፎቶ አይቶ ስም የሚናገር አፕ "ይበላል" ብሎናል፤ የኢንጂነሪንግ ተማሪ ደግሞ ስልኩን ያምናል።

ፌስታሉን ይዘን የሄድነው አትክልት ተራ፣ የአንዳችን አክስት ዘንድ ነው። ጅምላ ገበያው በ2012 በኮቪድ ምክንያት ወደ ጃን ሜዳ፣ ኋላም ወደ ሃይሌ ጋርመንት ቢሄድም ሰፈሩ ስሙን አልለቀቀም። አክስታችንም (የአንዳችን ብትሆንም ሁላችንም አክስቴ ነው የምንላት) ከሰፈሩ አልራቀችም። ዕድሜዋን ሽንኩርትና ቲማቲም ስትሸጥ ኖራለች፤ ሆቴል ቤቶቹን ሁሉ ታውቃለች።

ፌስታሉን ከፈት አድርጋ ዘጋችው። "ከማን መጣ?" አለች።

"ከጫካ ነው አክስቴ።"

"ጫካ ሰው አይደለም። ቲማቲም ሲመጣልኝ ከመቂ ከማን ማሳ እንደተለቀመ፣ የትኛው ደላላ እንዳመጣው አውቃለሁ። ቢበላሽ የምይዘው ሰው አለኝ። ይሄ የጅብ ጥላ ሰው ቢገድል ማንን ልያዝ? እናንተን?"

ወስዳ ደፋችው። አኩርፈን ወጣን። ኑር መስጂድ ዐስር ሰግደን ስንወጣም ኩርፊያው አልለቀቀንም ነበር።

ግን ጥያቄዋ ለእኛ እንግዳ አልነበረም። መድረሳ ቁጭ ብለን የቀራነው ይህንኑ ነው። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ከምአ ከመን እንደሆነች፣ ውሃዋም ለዓይን ፈውስ እንደሆነ ነግረውናል። ከምአ ማለት በበረሃ ከትንንሽ ዕፅዋት ሥር ጋር ተቆራኝቶ አፈር ውስጥ የሚያድግ የሚበላ ፈንገስ ነው። ኡስታዛችን ይህን ሲያስተምሩን ከመትኑ በፊት የሚጠይቁን ኢስናዱን ነበር፤ ማን ከማን ሰማ?

ከክረምቱ ለቀማ ጥቂቱን ዶርም አድርቀን አስቀምጠን ነበር። ባዮሎጂ የሚማር የጀማዓችን ወንድም ይህን ሲሰማ እንጉዳዩ ብቻ እንደማይበቃ ነገረን። እንጉዳይ በቀናት ውስጥ ይጠፋል፤ ዋናው አካሉ ከመሬት በታች የዛፉን ቀጫጭን ሥር እንደ ጓንት ሸፍኖ የሚኖረው ነው። ለዛፉ ውሃና ፎስፈረስ ያቀብላል፣ ከዛፉ ስኳር ይቀበላል። ስለዚህ ተመልሰን ወጣን፤ እንጉዳይ ከነቀልንበት ቦታ የሥር ጫፎች ቆፍረን አጥበን አመጣን። ከላይ የበቀለው ከታች ካለው ጋር አንድ መሆኑን የሚያሳየው ዲኤንኤ ነው።

የሚነበበው አይቲኤስ የሚባል ቁራጭ ነው። በሴሉ ውስጥ ብዙ ቅጂ ስላለው በቀላሉ ይገኛል፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የፈንገሶች ይፋዊ መለያ ሆኖ ተመርጧል። የሥር ናሙና ውስጥ የዛፉም ዲኤንኤ አለ። ለዚህም እ.ኤ.አ. በ1993 ጋርደስና ብሩንስ የተባሉ ተመራማሪዎች ከዛፉ ይልቅ ፈንገሱን የሚመርጥ ፕራይመር ሠርተዋል። የቀረው ፒሲአር ነው፤ ያው አትክልት ተራን ያስነሳው ኮቪድ የተመረመረበት ዘዴ። ማሞቅ፣ ማቀዝቀዝ፣ እንደገና ማሞቅ። በየዙሩ እጥፍ ቢሆን አንዱ ቅጂ በ30 ዙር ከቢሊዮን ያልፋል።

የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ። ምንም ያልጨመርንበት፣ ውሃ ብቻ የያዘው ቱቦ ሳይቀር ውጤት አሳየ፤ ከእጃችን ወይም ከፒፔታችን ብክለት ገብቷል ማለት ነው። ሁሉንም ደፋን። አክስታችንን ያስታወስናት ያኔ ነው።

በሁለተኛው የፓይኑ እንጉዳይና የሥሩ ጫፍ አንድ ሆኑ። ከመዝገቡ ጋር ሲነጻጸር ሱይሉስ ሉቴዩስ ከሚባለው፣ አውሮፓ ውስጥ የቆባቸውን የሚያሙለጨልጭ ቆዳ ልጠው ከሚበሉት ዝርያ ጋር 99 በመቶ ተመሳሰለ። የባሕር ዛፉ ግን የቀረበው "ስሙ ያልታወቀ ፈንገስ" ከሚል መዝገብ ነው። ማን ለቀመው፣ የደረቀው ናሙና የት ተቀመጠ፣ ማን ስም ሰጠው? ባዶ። ዓለም አቀፉ ቋት በሚሊዮን በሚቆጠር መዝገብ ተሞልቷል፤ ግን ስም ተሳስቶ የገባበት አለ፣ ሰነዱ የተቆረጠም አለ። ማሽኑ "ይመስላል" ይላል እንጂ የራዊውን ታማኝነት አይመረምርም።

የአገራችን መዝገብ ገና ቀጭን ነው። ተስፋዬ ውበት ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2004 የጥቁር እንጨትን የሥር ፈንገሶች በዲኤንኤ ለይቶ አሳትሟል፤ እነዚያ ግን እንጉዳይ የማያበቅሉ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ የኢትዮጵያና የስፔን ተመራማሪዎች በባሕር ዛፍ እርሻ አፈር ውስጥ ያሉ ፈንገሶችን በዚሁ መንገድ አጥንተዋል። ባሕር ዛፉም ፓይኑም መጤ ናቸው፤ ከሥራቸው የሚበቅለውን እንጉዳይ የሚያውቅ የአያት ልምድ አለመኖሩ ለዚህ ይመስለናል።

ውጤቱን ይዘን አክስታችን ዘንድ ተመለስን። "99 በመቶ" አልናት በኩራት።

"አንዷስ የማን ናት?"

ቁጥሩ የፊደሎቹን መመሳሰል እንጂ የመብላቱን ደኅንነት እንደማይለካ ለማስረዳት ሻይዋ እስኪቀዘቅዝ ለፋን። ከዚያ የደረቀው ናሙና ያለበትን ፖስታ ሰጠናት። ላዩ ላይ የተለቀመበት ቀን፣ ቦታው፣ የዛፉ ዓይነት፣ የለቃሚው ስም ተጽፏል። መነጽሯን አድርጋ ሁለት ጊዜ አነበበችው።

"ይሄኛው የሚያዝ ሰው አለው" አለች፤ ፖስታውንም መለሰችልን። ሽጪልን አላልናትም።