በሰዓት የሚቆጠር ጡረታ

ሲልቨር ስፕሪንግ ከዋሽንግተን ዲሲ ጋር የተጣበቀች የሜሪላንድ ከተማ ናት። እንጀራው አለ፣ አማርኛው አለ፣ የሠርግ ጥሪው አለ፤ የጎደለው ግፊያው ብቻ ነው። መርካቶ ያደገ ሰው ትከሻውን ማንም ሳይነካው መንገድ ሲጨርስ ቅር ይለዋል።

የአክስቴ ልጅ እዚህ የፌደራል መሥሪያ ቤት ታጸዳለች። ቀጣሪዋ ግን መንግሥት አይደለም፤ አካል ጉዳተኞችን ሥራ የሚያስይዝ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው። እንዲህ ላሉት ድርጅቶች መንግሥት ሥራ እንዲሰጥ አሜሪካኖች በ1938 እ.ኤ.አ. ሕግ አውጥተዋል፤ መጀመሪያ ለዓይነ ስውራን፣ ከ1971 ወዲህ ለሌሎችም ከባድ ጉዳት ላለባቸው።

የደመወዝ ወረቀቷን አየሁት። አንደኛው መስመር የሰዓት ክፍያዋ ነው። ቀጣሪዋ እንዳሻው አይቀንሰውም፤ በ1965ቱ የአገልግሎት ውል ሕግ መሠረት «ፕሪቬይሊንግ ዌጅ» አለ፣ መንግሥት በየአካባቢው ለየሥራው ያወጣው የደመወዝ ወለል። ሁለተኛው መስመር «ፍሪንጅ» ይላል፤ ከደመወዝ በላይ የሚከፈል ጥቅማ ጥቅም መሆኑ ነው። በ2024 አጋማሽ የወጣው የተለመደ ተመን በሰዓት 5 ዶላር ከ36 ሳንቲም ነበር። የጽዳት ሠራተኛ ይሁን የጥበቃ፣ ያው ነው! እኛ ዘንድ ጡረታ ከደመወዝ በመቶኛ ይሰላል፤ 7 ከሠራተኛው፣ 11 ከአሠሪው። ደመወዙ ያነሰ ሰው ጡረታውም ያንሳል። እዚህ ተመኑ ለሁሉም እኩል ሆኖ፣ በሳምንት 40 ሰዓት ለሠራ በዓመት ከ11 ሺህ ዶላር ያልፋል።

ይህን ገንዘብ በጥሬው መስጠት ይቻላል። የእሷ ድርጅት ግን ከጤና መድን የተረፈውን ጡረታ ሒሳቧ ውስጥ ያስገባዋል። በጥሬው ቢከፈላት ለሶሻል ሴኩሪቲ፣ ማለትም ለመንግሥቱ ጡረታ፣ እና ለአረጋውያን ሕክምና ከእሷ 7.65 በመቶ፣ ከድርጅቱም ሌላ 7.65 በመቶ ይሄድ ነበር። ጡረታ ሒሳቡ ውስጥ ሲገባ ይህ ሁሉ ይቀራል።

«ወንድምዬ፣ የቤት ኪራዩ እኮ ጡረታ እስክወጣ አይጠብቀኝም» አለችኝ። እውነቷን ነው። ከ59 ዓመት ተኩል በፊት ብታወጣው፣ ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር፣ ከግብሩ ሌላ 10 በመቶ ቅጣት አለበት። መንገዱን የመረጠውም ድርጅቱ ነው፤ እሷን ሳይጠይቅ መሆኑ አልዋጥ ብሎኛል። ያም ሆኖ ለጡረታው አደላለሁ፤ መርካቶ ጎልማሶች ሳሉ የማውቃቸው ተሸካሚዎች ሸብተውም ኩንታል አልወረደላቸውም። እቁብ ይጥላሉ፣ እድር ይከፍላሉ። እቁቡ ለዛሬ ነው፣ እድሩ ለቀብር፤ መሐል ላይ ያለውን እርጅና የያዘ የለም።

አገር ቤት በ2003 ዓ.ም. የታወጀው የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ የበጎ አድራጎት ድርጅቶችን ሠራተኞች ጭምር አቅፏል። መርካቶ ምናለሽ ተራ ጠዋት ለአንዱ ነጋዴ፣ ከሰዓት ለሌላው የሚሸከመውስ? አሠሪው ማን ሊባል ነው? እኔ የጫኝና አውራጅ ማኅበራቱን አስባለሁ። ሒሳቡን ከነጋዴው ጋር የሚነጋገሩት እነሱ ናቸው፤ ከየመኪናው ክፍያ ላይ የአባሉን የጡረታ ድርሻ ለይተው ማስቀመጥ ይችላሉ። ነጋዴው ደግሞ በዋጋው ላይ የራሱን ድርሻ እንዲጨምር በሕግ ይታዘዝ፣ ልክ የአክስቴ ልጅ ቀጣሪ እንደታዘዘው።