«ፈቃድ የለዎትም»

ዛሬ ስለ ፓርቲም ሆነ ስለ ምርጫ አልጽፍም። ስለ ሁለት አሮጌ ሲዲዎች ነው የምጽፈው። «ፖለቲካ ተንታኝ ነኝ ባዩ ደግሞ የኮምፒዩተር ጥገና ሊያስተምረን ነው» የሚል ካለ ጥቂት ይታገሠኝ።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው መንፈቀ ዓመት ነው። አንዲት የድኅረ ምረቃ ተማሪዬ ከክፍል በኋላ ቀርባ፣ «ዶክተር፣ የማስትሬት ጽሑፍዎን አነበብኩት፤ በአባሪው ላይ የተጠቀሱት የቦሌ ለሚው አርሶ አደር አያቴ ይመስሉኛል» አለችኝ። በጽሑፉ ውስጥ ስም አልጠቀስኩም፤ ነገር ግን ዕድሜያቸውንና የልጆቻቸውን ቁጥር፣ ቤታቸው ደጃፍ የነበረውንም ዋርካ ስትነግረኝ እርሳቸው መሆናቸውን አልተጠራጠርኩም። ካረፉ ዐሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል። ቤተሰቡ ዘንድ ፎቶግራፋቸው አለ፤ ድምፃቸው ግን የለም። «ድምፃቸውን ቀድተውት ነበር?» ስትል ጠየቀችኝ። ቀድቼው ነበር።

በ1998 ዓ.ም. ተማሪ ሳለሁ ከገርጂ ወዲያ፣ ከሲኤምሲና ከአያት ጀርባ፣ እስከ ቦሌ ለሚ ድረስ እየዞርኩ ዐሥራ አንድ አዛውንት አርሶ አደሮችን አነጋግሬአለሁ። አዋጅ ቁጥር 455/1997 ከወጣ ዓመት አልሞላውም ነበር። ያ አዋጅ መሬቱን ለዘለቄታው ለሚለቅ የገጠር ባለይዞታ፣ የአምስት ዓመት አማካይ ዓመታዊ ገቢው በዐሥር ተባዝቶ እንዲከፈለው ይደነግግ ነበር (በኋላ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ተተክቷል)። ሽማግሌዎቹን የጠየቅኋቸው ይህን ስሌት እንዴት እንደሚያዩት ነው። የተማሪዬ አያት ጥያቄዬን በጥያቄ መለሱት፤ «ዐሥሩ ዓመት ሲያልቅስ ልጄ? በዐሥራ አንደኛው ምን ልብላ?» በጽሑፌ ሁለት መስመር የያዘው የእርሳቸው ንግግር በካሴት ላይ ዐርባ ደቂቃ ነበር።

የዘመኑን ድባብ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ከ1997ቱ ምርጫ ቀውስ በኋላ የሞባይል አጭር መልእክት ለሁለት ዓመት ገደማ ተቋርጦ ነበር፤ በግንቦት 1998 ደግሞ ብሎጎችና ድረ ገጾች ሲዘጉ አየን። ሽማግሌዎቹ ለማያውቁት ወጣት የልባቸውን የነገሩት «ከእኔ በቀር ማንም አይሰማውም» ብዬ ስለማልኩላቸው ነው። ካሴቶቹን ወደ ኮምፒዩተር ገለበጥኩ፤ ኮምፒዩተሩ የተማሪዎች የጋራ ስለነበረ ሁሉንም በሁለት ሲዲዎች ላይ በርን አድርጌ ከማሽኑ አጠፋሁ። ከዚያ በፊት ግን መሐላዬን በሊኑክስ ቋንቋ ጻፍኩት። 600 አልኩ።

ለማያውቅ ላስረዳ። በሊኑክስ ላይ እያንዳንዱ ፋይል ሦስት ዓይነት ሰዎችን ያውቃል፤ ባለቤቱን፣ የባለቤቱን ቡድንና ሌላውን ሁሉ። ማንበብ 4፣ መጻፍ 2፣ ማስኬድ 1 ነው። 600 ማለት ባለቤቱ ያነባል ይጽፋል፣ ቡድኑ ምንም፣ ሌላውም ምንም ማለት ነው። በ1988 እ.ኤ.አ. የጸደቀው አይኤስኦ 9660 የተባለው የሲዲ ደረጃ እንዲህ ያለውን የባለቤትነት መረጃ አይዝም ነበር፤ ረጃጅም ስሞችንና ፈቃዶችን በሲዲው ላይ እንዲሰፍሩ ያደረገው ሮክ ሪጅ የተባለው ተጨማሪ ነው። ሲዲውን የሚያዘጋጀው ፕሮግራምም ሁለት ምርጫ ይሰጣል። ትንሹን «አር» ብትመርጡ የእናንተን ባለቤትነት ትቶ ሁሉም እንዲያነብ ይፈቅዳል፤ ትልቁን «አር» ብትመርጡ ፈቃዱን እንዳለ፣ ከነባለቤቱ ያትመዋል። እኔ ትልቁን መረጥኩ።

ሃያ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ሲዲውን ወስጄ፣ ሲዲ ድራይቭ ያለው ማሽን ከሚገኝበት አንድ የኮምፒዩተር ክፍል ገባሁ። ሊኑክስ ነው። የፋይሎቹ ስም ወለል ብሎ ወጣ፤ መንደር፣ ቀጥሎ የሽማግሌው ስም። የተማሪዬን አያት ስም ተጫንኩ። ፈቃድ የለዎትም። ሌላውን ሞከርኩ። ፈቃድ የለዎትም። ባለቤቱ እኔ ነኝ! ግን ኮምፒዩተር ስምን አያውቅም፤ የሚያውቀው ቁጥርን ነው። የ1998ቱ ማሽን ፌዶራ ነበር፤ ያን ጊዜ ፌዶራ ተጠቃሚዎቹን ከ500 ጀምሮ ስለሚቆጥር የእኔ ቁጥር 507 ነበር። የዛሬው ማሽን ከ1000 ይጀምራል። ሲዲው 507 የተባለውን ሰው ይጠብቃል፤ ያ ሰው ደግሞ ከዚያ አሮጌ ማሽን ጋር አብሮ ጠፍቷል። ፈቃዱን እንዳልለውጠው ሲዲ አንዴ ከታተመ አይጻፍበትም።

ደግሞ ሌላ ያሳፈረኝ ነገር አለ። ስሞቹን ሳልቆልፍ ድምፁን ብቻ ቆልፌ ነበር። በ1998 አደገኛው ስሙ አልነበረምን?

በሊኑክስ ማሽን ላይ «ሩት» የሚባል የበላይ ተጠቃሚ አለ፤ 600 ቢሉት 000 እርሱን አያግደውም። የዚያ ማሽን ሩት የአንድ ክፍል ኃላፊ ነው። «ዶክተር፣ ደብዳቤ ያስፈልጋል» አለኝ። ደብዳቤ ጻፍኩ። ማኅተም የለውም ተባልኩ። ማኅተም አስመታሁ። በሁለተኛው ሳምንት፣ ጉዳዩ የሚመለከተው ክፍል አለመኖሩ ተገለጸልኝ። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ የሚደብቀውም ምሥጢር የለውም። ቦታውን የተረከበው ከነቁልፉ ነውና እንዳለ ያስረክባል። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 29 መረጃ የማግኘት ነፃነትን ደንግጓል፤ አዋጅ ቁጥር 590/2000 ደግሞ ማንም ሰው ከመንግሥት አካል መረጃ ጠይቆ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጎ፣ መከልከልን በዝርዝር የተቀመጠ ልዩ ሁኔታ አደረገው። መዝገብ ቤቶቻችን ግን በትልቁ «አር» ነው የሚሠሩት፤ ሹሙ ሲለወጥ የቀድሞው ሹም ክልከላ ሳይነካ ይተላለፋል፤ ለምን እንደተከለከለ የሚያስታውስ ሰው ሳይኖር።

ተስፋ ስቆርጥ መገናኛ አካባቢ ወዳለ አንድ ጠባብ የኮምፒዩተር ሱቅ ጎራ አልኩ። ልጁ ሲዲውን ተቀብሎ ዊንዶውስ ላይ ከተተው። ዊንዶውስ ሮክ ሪጅን አያነብም፤ ስለዚህም የእኔን 600 ጨርሶ አላየውም። ረጃጅሞቹን ስሞችም አላየም፤ የቦሌ ለሚዎቹ አራቱ ፋይሎች የመንደሩ ስም ተቆርጦ ከ000 እስከ 003 ቁጥር የተቀጠለባቸው አራት መንትዮች ሆነው ወጡ። «ጋሼ፣ የቱ ነው?» አለኝ። መልስ ከመስጠቴ በፊት አንዱን ተጫነው። የአንድ አዛውንት ድምፅ ሱቁን ሞላው። ፎቶ ኮፒ የሚያስነሱ ሁለት ሴቶችና ሚሞሪ ካርድ የሚጠይቅ ሹፌር ዘወር ብለው አዩ። «ዝጋው! ዝጋው!» አልኩ፤ ጩኸቴ ሳያስደነግጠው አልቀረም።

ያን ዕለት ከመገናኛ እስከ ገርጂ በእግሬ እየሄድኩ ያሰላሰልኩት ይህንን ነው። ቁልፉን ያበጀሁት ከኃይለኞች ሽማግሌዎቹን ለመጠበቅ ነበር። ኃይለኛ የራሱ ማሽን አለው፤ በራሱ ማሽን ላይ ሩት ነው። በዊንዶውስ ላይ ለሚከፍተው ደግሞ ሩት መሆን እንኳ አያሻውም። እንግዲህ ቁልፌ አንድ ቀን እንኳ እነርሱን አላገደም። ያገደው እኔንና የሰውየውን የልጅ ልጅ ነው። ለመጠበቅ ከሆነ ድምፁን በምሥጢራዊ ቃል ማመስጠር፣ ስሙንም መለወጥ ነበረብኝ፤ እኔ ግን በር ላይ «መግባት ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ለጥፌ ቤቱን የቆለፍኩ መስሎኝ ሃያ ዓመት ተኛሁ።

ልጁ (እግዚአብሔር ይስጠውና) በዩኤስቢ የሚሰካ ሲዲ ድራይቭ «ነገ ይመልሱልኛል» ብሎ አዋሰኝ። ቤቴ በገዛ ላፕቶፔ ላይ ሩት እኔው ነኝ። የይለፍ ቃሌን ጽፌ ፋይሎቹን ከነስማቸው ገለበጥኩ፤ የቅጂዎቹን ባለቤትነት ከ507 ወደ ራሴ አዞርኩ። ጥቂት ደቂቃ ፈጀ። ከባዱ ቀጥሎ የመጣው ነው፤ ስንት ብዬ ልጻፍ? 644 ብል ሁሉም ይሰማል፤ መሐላዬን ላፍርስ? 600 ብተወው ደግሞ ልጅቷን ምን ልበላት? መሐላውን ሊፈታልኝ የሚችለው ሰውዬ በሕይወት የለም።

የተማሪዬን እናት ሰሚት በሚገኘው ቤታቸው ሄጄ አነጋገርኳቸው። ቡና አፈሉልኝ። «አባባ ለእኛ ያልነገሩን ነገር ካለበት እኛው እንስማውና እንወስን» አሉ። በ1998 የዘለልኩትን መካከለኛውን ቁጥር ያን ጊዜ አስታወስኩ፤ 640። ባለቤቱና ቡድኑ። ቅጂውን ለቤተሰቡ ሰጠሁ፤ ለሌላ ሰው ይከፈት አይከፈት የእነርሱ ፈንታ ነው።

የቀሩት ዐሥሩ 600 እንደሆኑ ናቸው። የሦስቱን ቤተሰብ አያትና ጎሮ አካባቢ አግኝቻለሁ። የሰባቱን እየፈለግሁ ነው።