ሁለት መኪና፣ ሦስት መውጫ

አየር የሚተነፍስ ሞተር በየ1,000 ሜትር ከፍታው ከጉልበቱ አሥር በመቶ ያህል ያጣል። ሱሉልታ ደግሞ ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ ናት። አሮጌዋ ኮሮላዬ ዲኤክስ ከጃፓን ስትወጣ 60 ፈረስ ጉልበት ገደማ ተጽፎላት ነበር፤ ሱሉልታ ላይ የምትለፋው ግን በ45ቱ ነው። ካርቡራቶሯ የአየሩን መሳሳት አያውቅም፤ ጅቡቲ ወደብ ላይ ያለ ይመስል ቤንዚኑን ያንቆረቁረዋል። ከአዲሱ ገበያ ወደ እንጦጦ ጀርባ ስንወጣ ከኋላችን የሚቀረው ጥቁር ጭስ ያልተቃጠለ ደመወዜ ነበር።

አዲሱ የኤሌክትሪክ መኪናዬ፣ ቢዋይዲ «ሲል»፣ አየር አይተነፍስም። ባለ ሁለት ሞተሩ 530 ፈረስ ጉልበት አለው ይባላል፤ ሱሉልታም ላይ ያው 530 ነው።

*

በዚያው መንገድ ዳር ጠዋት ጠዋት አትሌቶች ይሮጣሉ። ቀነኒሳ በቀለ መም ያሠራው ሱሉልታ ላይ ነው፤ የውጭ ሯጮችም ይህንኑ ስስ አየር ፍለጋ ባሕር ተሻግረው ይመጣሉ። የሯጩን ደም የሚያጠነክረው አየር የቤንዚን ሞተር ወገብ ይሰብራል። በአንድ ዳገት ላይ አንዱ ሲበረታ ሌላው ሲያቃስት እያየሁ ዓመታት አለፉ፤ እኔ ደግሞ የተቀመጥኩት ከሚያቃስተው ወገን ነበር።

*

ዲኤክስ ስፖርት መኪና ናት ወይ ለሚል ሰው፦ በፋብሪካው ሐሳብ አይደለችም። የቤተሰብ ኮሮላ ናት። ስፖርት ያደረጋት የአዲስ አበባ ልጅ ነው። ሞላዋን ቆርጦ ዝቅ አደረጋት፣ ማርሚታዋን ለወጠ፣ ሰፊ ቸርኬ አሰረላት። ቀላል ናት፣ የምትነዳውም በኋላ ጎማዋ ነው፤ እነዚህ ሁለቱ ብቻቸውን ብዙ ነገር ናቸው። ከገፈርሳ ግድብ አልፎ ወደ መናገሻ በሚወስደው መንገድ፣ በክረምት፣ ኩርባ ላይ ጀርባዋ ሊንሸራተት ሲል አስቀድሞ በወንበሩ በኩል ይሰማሃል። ወገብህ ያውቃል፣ እጅህ ያርማል። ፍጥነትህን ብታየው 50 አይሞላም፤ አንተ ግን ውድድር ላይ ያለህ ይመስልሃል።

ቢዋይዲው ያንኑ ኩርባ በእጥፍ ፍጥነት ሊወጣው ይችላል። መንሸራተት ቢጀምር እንኳ እኔ ሳላውቅ ኮምፒዩተሩ አርሞታል። ደህንነቴ ተጠብቋል፣ ለዚህ አመሰግናለሁ። ግን ያኔ የምነዳው እኔ ነበርኩ።

*

ቡራዩ። ከአስኮ እስከ አሸዋ ሜዳ ባለው ጭንቅንቅ የትኛው መኪና ይሻላል ተብሎ አይጠየቅም። ዲኤክስ ውስጥ ግራ ጉልበቴ በፍሪሲዮን ያልቅ ነበር፤ ዓይኔ ከሙቀት መለኪያው አይነሳም። አሁን ሙዚቃ እሰማለሁ። ሁለቱም ከባጃጅ ኋላ ናቸው።

*

ቁልቁለት ላይ ግን ቢዋይዲው ያስደንቃል። ዲኤክስን ከእንጦጦ ሳወርዳት በሁለተኛ ማርሽ ይዣት፣ የፍሬን ሸራው ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ፣ ከኋላዬ ሲኖትራክ፣ አፌ ውስጥ ጸሎት ነበር። ቢዋይዲው ላይ እግሬን ከነዳጅ መስጫው ሳነሳ (ነዳጅ የለውም፤ ፔዳሉን ሌላ ምን ብዬ ልጥራው?) ሞተሩ ወደ ጀነሬተር ይለወጥና መኪናውን እየያዘ ባትሪውን ይሞላል። ከ2,100 ኪሎ በላይ የሚመዝን መኪና ከፍታው በ100 ሜትር በቀነሰ ቁጥር ወደ 0.6 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠጋ ጉልበት ይለቃል። ሁሉም አይመለስም፤ የሚመለሰው ግን በስክሪኑ ላይ ይታያል፤ ባትሪው ሲጨምር እያየሁ ከተማ እገባለሁ። ለሐበሻ ተራራ ከዚህ የተሻለ ፍሬን የሠራ የለም።

*

ሰበታ ከኤሌክትሪክ ጋር የቆየ ዝምድና አላት። ጅቡቲ የሚደርሰው የኤሌክትሪክ ባቡር መነሻ ሆና መስመሩ የተመረቀው በመስከረም 2009 ዓ.ም. ነው። እዚያው እኔ ቤት ግን መብራቱ በመጣና በሄደ ቁጥር ቻርጀሩ ከመጀመሪያው ይጀምራል።

የባትሪው መጠን 82.5 ኪሎዋት ሰዓት ነው። በተራ የግድግዳ ሶኬት፣ ሁለት ኪሎዋት እየጠጣ፣ ባዶውን ለመሙላት ከአንድ ቀን ተኩል በላይ ይፈጃል። ስለዚህ ሰባት ኪሎዋት የሚስብ ቻርጀር አስገጠምኩ። ሰባት ኪሎዋት ማለት ሁለት የእንጀራ ምጣድ አንድ ላይ ተሰክቶ ሌሊቱን ሙሉ መጋገር ነው፤ እንጀራው ግን አይታይም። ጎረቤታችን እማማ ይህን ከማንም ቀድመው ነው የደረሱበት። አንድ ቅዳሜ በአጥሩ ላይ ብቅ አሉና፣

«ልጄ፣ ያ መኪናህ ተሰክቷል እንዴ? ምጣዴ አልግል አለኝ» አሉኝ።

ነቀልኩት። ከዚያ ወዲህ የእሳቸው የጋገራ ቀን በስልኬ ማስታወሻ ተይዟል። 530 ፈረስ ጉልበት በእማማ ሊጥ ሲታዘዝ ያየ እኔ ነኝ።

*

ዓለም ገና ያለው መካኒኬ አዲሱን መኪና ኮፈኑን ከፍቶ ቆሞ ቀረ። ካንዴላ የለ፣ ቺንጋ የለ፣ ካርቡራቶር የለ። የፕላስቲክ ክዳን አየ፣ ብርቱካናማ ኬብል አየ፣ እጁን ሰበሰበ። ልክ ነው የሰበሰበው፤ ብርቱካናማው ኬብል የሚገድል ቮልት ይዟል። «ጋሼ፣ ይሄን ለቴሌቪዥን ሠሪ ነው የምትወስደው» አለኝ። የዲኤክሷን ችግር ግን ከበር ላይ ሆኖ በድምጿ ይነግረኝ ነበር፤ «ሦስተኛዋ ካንዴላ ናት» ሲል ሦስተኛዋ ሆና ትገኛለች።

ቢዋይዲው የታመመ ቀን የሚነግረኝ ስክሪኑ ነው፤ እሱም ከቻይና እንዳለ የገባ ስለሆነ በቻይንኛ። ቋንቋውን የሚቀይሩ ልጆች አሉ፤ ከቀየሩትም በኋላ ግማሹ ማስጠንቀቂያ እንዳለ ቀርቷል። አንዲት ቀይ ምልክት አለች፣ አልፎ አልፎ ትበራለች። ተላምደናል።

*

ሰው ለምን ከዲኤክስ ወደዚህ ዘለልክ ይለኛል፤ በመሐል ያለውን ደረጃ ረስቼ ይመስል። መሐሉ ተዘግቷል። በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ኤሌክትሪክ ካልሆነ በቀር አውቶሞቢል አገር ውስጥ እንደማይገባ ተናገሩ። ታክሱም ያኔ ወደዚያው ይገፋ ነበር፦ ሙሉ በሙሉ ተገጣጥሞ የሚገባ የኤሌክትሪክ መኪና ጉምሩክ 15 በመቶ ነበር፣ በከፊል ተገጣጥሞ 5፣ ተበትኖ የመጣ ምንም። እኔ የጀርመን ጎልፍ ነበር የሚያምረኝ። መንግሥት መረጠልኝና ከጎልፍ ፈጥኖ የሚነሳ መረጠልኝ፤ ቅሬታዬን ለማን ላቅርብ?

*

ዲኤክሷን ከእኔ የገዛት ወጣት የከፈለኝ እኔ ከገዛሁበት ይበልጣል። አርባ ዓመት ያለፋት ብረት በዚህ አገር ዋጋዋ ወደ ላይ ነው። ቢዋይዲውን ነገ ልሸጠው ብወጣ ገዢው የመጀመሪያ ጥያቄው «ባትሪው ስንት ዓመት ይሄዳል?» ነው። ዲኤክስን ስሸጥ ስለ ዕድሜ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

*

ባለፈው እሑድ በሱሉልታ ሜዳ፣ ወደ ጫንጮ በሚወስደው ቀጥታ መንገድ፣ አንድ ነጭ ዲኤክስ ከኋላዬ ደረሰብኝ። ማርሚታዋ ሲያንጎራጉር ከሩቅ ሰምቼዋለሁ። ልጁ አንድ ሁለት ጊዜ ጡሩንባ ነፋ። መንገዱ ባዶ ስለነበር ፔዳሉን እስከ ሰማንያ ድረስ ብቻ ረገጥኩት፤ በመስታወቱ ስፈልገው ጠፍቷል።

ከዚያ ሰፈሩ መጣ። የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ፣ ባለሥልጣን ሳይሆን ሕዝብ የሠራው ዓይነት፣ ስለታም። የቢዋይዲው ሆድ ከመሬት 12 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ባትሪው ያለውም እዚያው ሆዱ ሥር ነው። አግድም አድርጌ፣ ጎማ በጎማ፣ ትንፋሼን ይዤ ተሻገርኩ። ሁለተኛው ጉብታ። ሦስተኛው። ልጁ ዲኤክሷን ዝቅ አላደረጋትም ኖሯል፤ እንደ ፍየል እየዘለለ አለፈኝ። ቀጥሎ ድርቆሽ የጫነ ጋሪ፣ ከዚያ በጎች፣ ከዚያ ሌላ ጉብታ።

ጫንጮ ስገባ ሻይ ቤቱ በር ላይ አቁሞ፣ ብርጭቆውን አጋምሶ አገኘሁት። መኪናዬን ዞሮ ዞሮ አየና፣

«ጋሼ፣ ከዜሮ እስከ መቶ በስንት ሴኮንድ ነው የሚገባው?» አለኝ።

«በ3.8» አልኩት።

ወደ መጣንበት መንገድ ተመለከተ።

«የት?» አለ።